ለሞስኮ የተሣለው ዱባ

ኦገስት 29፣ 1937

ዛሬ ሠዓሊ ተባልኩ። እስከ ትናንት ምድጃ ቀቢዋ ፓላዥካ ነበርኩ። መንደራችን ውስጥ ሰው ሲያገባ ወይም አዲስ ቤት ሲሠራ ይጠሩኛል፤ ግድግዳውን በኖራ አነጣለሁ፣ ምድጃው ላይ አበባና ወፍ እሥላለሁ፣ እንቁላል ወይም ዱቄት ይሰጡኛል፣ በቃ። ዛሬ ግን ከአውራጃው የባህል ክፍል ጓድ ቼሬድኒክ የሚባል ቀጭን ሰው መጣ። የኅብረት እርሻችን ሊቀመንበር ቲሚሽ ቤት ምሳ ሲበላ ምድጃቸውን አይቶ ማንኪያውን አስቀመጠ አሉ። አስጠሩኝ።

«ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ማንም ብሎ ነገር አለ? መምህር፣ ትምህርት ቤት…»

«እናቴ ነጩን ግድግዳ በጥላሸት ባበላሸሁ ቁጥር ትገርፈኝ ነበር። ትምህርት ከተባለ እሱ ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። ቲሚሽም ሳቀ፤ መቼ ማቆም እንዳለበት ለማወቅ የሰውየውን አፍ እያየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኖቬምበሩ የአብዮት በዓል ከእርሻችን ወደ ሞስኮ፣ ለመሪው ለራሳቸው፣ ስጦታ ይላካል። ትልቅ ሥዕል በጣውላ ላይ፤ ርእሱም «የእርሻችን ጥጋብ»። የምሥለው እኔ ነኝ። ቲሚሽ «ክብር ነው ፓላዥካ፣ ክብር ነው!» ሲለኝ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

እኔ ግን ፈራሁ። የታወቀ ሰው ይጠየቃል። የእርሻ ባለሙያችን አምና ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በክረምቱ ሚስቱ ብቻዋን ዕቃዋን ጭና ከመንደሩ ወጣች። እሱ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም። እምቢ ማለት እችል ነበር? አልችልም። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ «ሠዓሊ» ሲለኝ ጉንጬ ጋለ። ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ሞኝ።

ሴፕቴምበር 2

በችኮላ። ድመቷ ትሸሸኛለች። ብሩሽ የምሠራው ከእሷ ፀጉር መሆኑን ካወቀች ሰንብታለች። ልጄ ኡስቲና በዓሣ ጭንቅላት አታልላ ያዘችልኝ። የሽንኩርት ልጣጭ አፈላሁ። የእንቁላል አስኳልና የቼሪ ሙጫ ተዘጋጅቷል። ቢጫው ጥሩ ወጣ።

ሴፕቴምበር 3

ኦሜልኮ ጣውላውን አመጣ። የእርሻው አናጢ ነው። በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን «ጠርዙን ዙሪያውን አለስልሼዋለሁ፤ እጅሽን እንዳይወጋሽ» ብሎ የሳምንቱን ጨረሰ። ለኡስቲና ከእንጨት ፍቅፋቂ ትንሽ ወፍ ሠርቶላታል። ወፏን ይዛ ቤቱን ስትዞር ዋለች።

ወጣት ሳለን ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። እኔ ሕናትን ነበር የምፈልገው፤ ሽማግሌዎቹን ዱባ አስታቅፌ ሸኘኋቸው። በእኛ ዘንድ ዱባ ታቅፎ ከበር የወጣን ሽማግሌ ያየ ሁሉ ልጅቷ እምቢ እንዳለች ያውቃል፣ ጠያቂውም ዕድሜ ልኩን ሲሳቅበት ይኖራል። ኦሜልኮ እስከ ዛሬ አላገባም። በእኔ ምክንያት ነው አልልም። ወንድ የማያገባበት ምክንያት ብዙ ነው።

አዲሱን ሻሽ ያሰርኩት አሮጌው ታጥቦ ስላልደረቀ ነው።

ሴፕቴምበር 9

ስንዴው፣ የሱፍ አበባው፣ ፖሙ፣ ካሊና የምንላት ቀይ ፍሬ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። መሐሉ ብቻ ባዶ ነው። ቲሚሽ መጥቶ «መሐሉ ላይ ትራክተር አድርጊበት» አለኝ። ሞከርኩ። በከሰል የሣልኩት ትራክተር የጭስ ማውጫ የተተከለባት አሳማ መሰለ። ኡስቲና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የኅብረት እርሻውን ትራክተር አሳማ ማድረግ ምን እንደሚያስብል ትዝ አለኝና በጨርቅ አጠፋሁት። ጨርቁንም አጠብኩት።

አበባ ከየት እንደሚጀመር እጄ ታውቃለች። ትራክተር ከየት ይጀመራል? ጎማው? ጭሱ?

ሴፕቴምበር 12

መሐሉ ሞላ፤ ሳላስበው። ብርቱካንማውን ቀለም በጥብጬ ብሩሹን አነሳሁ፣ እጄ ክብ አወጣች፣ ክቡ ጎድን ጎድን አበቀለ፣ ዱባ ሆነ። ትልቅ፣ ሆዱ የተነፋ ዱባ። ስንዴውም አበባውም ከእሱ የበቀሉ ይመስላሉ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ተቀምጬ እያየሁት እንባዬ ወረደ፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ ነው መሰለኝ።

ኦሜልኮ የጣውላውን ማንጠልጠያ ሊመታ መጥቶ ቆሞ አየው። ብዙ ቆየ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «ቆንጆ ነው» ብሎ ሄደ። ምን ሊል ነበር?

ሴፕቴምበር 14

በሩን ቀርቅሬ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ጎረቤቴ ሃፕካ ወንፊት ልትዋስ በሩ ላይ ቆማ ሳለ ኡስቲና ከውጭ ሮጣ ገባች። ሥዕሉ ተጠናቆ ያየችው ገና ዛሬ ነው። ጣቷን ቀስራ ጮኸች።

«እማ! ይሄ የኛ ዱባ ነው! ቆጥ ላይ የነበረው! አባባ በገለባ የሸፈነው!»

«የምን ዱባ ነው የኔ ቆንጆ?» አለች ሃፕካ። ድምፅዋ ማር ነበር።

«ልጅ አይደለች? ለእሷ ዱባ ሁሉ አንድ ነው» አልኩ። ወንፊቱን ሰጥቼ እስከ አጥሩ ሸኘኋት፤ ማንም ሰው ወንፊት ተዋሰ ብሎ እስከ አጥር አይሸኝም። ያን ማድረጌም ሳያስጠረጥረኝ አይቀርም።

ኡስቲናን ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት። ስለ ቆጡ ሁለተኛ እንዳትናገሪ አልኳት። «እንዴ፣ ውሸት ነው?» አለችኝ።

ዱባው የተደበቀበት ያ ዓመት ስም የለውም። ረሃብ አልነበረም ተብሏል፤ እንግዲህ አልነበረም። ባሌ ሕናትና ትንሹ ልጄ ሌቭኮ ካልነበረ ነገር ሞቱ። የተደበቀ እህል ሊፈልጉ የተላኩት ሰዎች የብረት ዘንግ ይዘው መጥተው ወለሉን ሲወጉ፣ ምድጃውን ሲያፈርሱ፣ ቆጡ ላይ ያለውን ገለባ አልበተኑትም። ኡስቲና ዛሬ የምትሮጠው ገለባው ሥር በነበረው ነው። ምግብ መደበቅ ያን ጊዜ ምን ያስፈርድ እንደነበር ሃፕካም ታውቃለች፤ እሷም ቤት ገብተዋል።

ቀለሙን ወድጄው ነው የሣልኩት። የሚጠይቅ ካለ መልሴ እሱ ነው።

ሴፕቴምበር 21፣ በእኛ አቆጣጠር የልደታ ዕለት

ሥዕሉ ለሕዝብ እንዲታይ መንደሩ አዳራሽ ቆመ። ነገ ጓድ ቼሬድኒክ ወደ አውራጃው ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሞስኮ። ሰው ሁሉ ወደደው። ሴቶቹ የካሊናውን ፍሬ በጣት ነኩት። ቲሚሽ ትራክተሩን እንደረሳ ሆነ። ያቺ የሚያስጠላ ደስታ ደግሞ ጉንጬ ላይ ወጣች።

አባባ ሲዲር መጣ። የመንደሩ ቀልደኛ ነው፤ ሰባ ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ አያውቅም። አረቄ ቀምሷል፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ። ሥዕሉ ፊት ቆመ፣ ጢሙን ዳበሰ።

«አይ ፓላዥካ!» አለ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ። «ለኦሜልኮ ዱባ ስታሸክሚ አይተናል። አሁን ደግሞ ለሞስኮ ትልኪ ጀመር? ሰውየው መቼ ሽማግሌ ላከብሽና ነው እምቢ የምትይው?»

ሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም። ከዚያ አንዱ ዝም አለ፣ ሌላውም፣ አዳራሹ በሙሉ። ሰው የራሱን ሳቅ እንደ ሰረቀው ዕቃ ሊደብቅ ሲሞክር አየሁ።

«ምንድን ነው ያሉት?» አለ ጓድ ቼሬድኒክ። የከተማ ልጅ ነው፤ ዱባ ለእሱ ዱባ ነው።

«ዱባ ደስ ይላል ነው ያሉት» አለ ቲሚሽ። ፊቱ አመድ መስሏል።

አንድ በአንድ ወጡ። ማንም ደህና ዋዪ አላለኝም።

ሴፕቴምበር 22

ሥዕሉ ሄደ። በጋሪ። ሮጬ አስቁሜ «ትንሽ ላስተካክለው» ልል ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እንዴት አልታየኝም? በገዛ እጄ ለሰው ዱባ ያስታቀፍኩ ሴት! ኦሜልኮ አይቶት ነበር፤ አሁን ገባኝ። ሊነግረኝ ፈልጎ የገዛ ውርደቱን ማንሳት አፍሮ ይሆናል። እኔ ግን ሳየው ሌላ ነገር ነው ያየሁት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ሴፕቴምበር 25

አባባ ሲዲርን ወደ አውራጃው ጠሩት። ሚስቱ ሞቅ ያለ ካልሲ አስይዛዋለች። «ለጥያቄ ነው፣ ማታ ይመለሳል» አሏት። አልተመለሰም።

ሴፕቴምበር 27፣ መስቀል

ዛሬ እባቦች ለክረምት ወደ ጉድጓዳቸው የሚገቡበት ቀን ነው ይባላል፤ ጫካ አይኬድም። እኔ ከቤትም አልወጣሁ።

አባባ ሲዲር አልመጣም። ከረጢት አዘጋጀሁ፤ ደረቅ ዳቦ፣ ካልሲ፣ ሳሙና። ኡስቲና እንዳታይ ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ወዲያው አይታው «የት ልንሄድ ነው?» አለችኝ።

ሁለት መልስ አለኝ፣ ሁለቱም ገደል ናቸው። ቀለሙን ወድጄው ነው ብል፣ «ዱባ ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም ነበር?» ይሉኛል፤ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እንግዲያው በመሪው ላይ ቀልጃለሁ። እውነቱን ብናገር ደግሞ፣ ይህ ዱባ ልጄን ያተረፈ ነው ብል፣ ከምን ነው ያተረፋት ይሉኛል። ካልነበረ ነገር። የት ነበር? ቆጥ ላይ፣ ተደብቆ። ያኔ እኔም እሄዳለሁ፣ ኡስቲናም የጠላት ልጅ ተብላ እንዲህ ያሉ ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ቤት ትገባለች። ከዚያ ቤት ወጥቶ የመጣ ልጅ አላየሁም።

ኦሜልኮ የበሩን ማጠፊያ ሊጠግን መጣ። አልጠራሁትም። ማጠፊያው እርግጥ ይጮህ ነበር። ሠርቶ ሲጨርስ ቀይ ሥር ሾርባ አቀረብኩለት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቆጡን፣ ገለባውን፣ ሃፕካን። ማንኪያውን ይዞ ሰማኝ፤ ሾርባው በረደ።

«ሃፕካ ስትጠይቅሽ ምን አልሽ?»

«ምንም። ልጅ ናት አልኩ።»

«ጥሩ ነው። ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

ኡስቲና ጭኑ ላይ ወጥታ ጺሙ ላይ ያለውን ሰጋቱራ ስትለቅም ነበር። «ጋሼ ኦሜልኮ፣ አንተ እንጨት ነህ እንዴ?» አለችው። ሳቀ። ሲስቅ ሌላ ሰው ነው። ይህን የጻፍኩት ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኦክቶበር 3

ሃፕካ ወንፊቱን መለሰች። በእጄ አልሰጠችኝም፤ አጥሩ ላይ ሰቅላው ሄደች።

ቲሚሽ መጣ። ቤት አልገባም፤ ደጅ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክር ነበር። ሥዕሉ ከአውራጃው አላለፈም። ወደዚሁ ይመለሳል፣ ኮሚሽን አብሮት ይመጣል።

«ማን አዘዘሽ ቢሉሽ ጓድ ቼሬድኒክ በዪ» አለኝ።

«ምግብ ያለበት ሥዕል ብሏል እንጂ ዱባ አላለም።»

«እኔ ደግሞ ትራክተር ብዬሽ ነበር። ብዬሽ ነበር አይደል? ብሏል ብለሽ ተናገሪ።»

«ብለኸኛል።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለ፤ ወዲያው «እግዜር» በማለቱ ደንግጦ ግራ ቀኙን አየ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር።

ኦክቶበር 6

እንቅልፍ የለም። ጋሪ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። ኡስቲናን አስጠናኋት፦ «እናቴ ብርቱካንማ ቀለም ትወዳለች።» እንደ ግጥም ትለዋለች። ይህም ያስፈራኛል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ኦክቶበር 8

ሆነ። እንዳልረሳው ሁሉንም ልጻፍ።

ሰው ተጠርቶ አዳራሹን ሞላ። ኡስቲናን የአባባ ሲዲር ሚስት ዘንድ ተውኳት፤ ሌላ የሚቀበለኝ አልነበረም። ሥዕሉ መድረኩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፣ እንደ ተቀጣ ልጅ። ጓድ ቼሬድኒክ ከስቷል፣ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። አጠገቡ የቆዳ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ተቀምጧል፤ ስሙን አልነገረንም። አነጋገሩ ግን የኛው አገር ነው፤ ይሄኛው ስለ ዱባ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ሥዕሉን አዞረው። «ጓዲት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዱባ ነው።»

«በእኛ አገር ዱባ ለማን ነው የሚሰጠው?»

«እምቢ ለተባለ ጠያቂ።»

«ታዲያ ለመሪያችን ስትልኪው ምን ልትይ ፈልገሽ ነው?»

«ቀለሙን ወድጄው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ያዘነልኝ ይመስል። «ልጅሽ ግን ‹የኛ ዱባ› ብላለች አሉ። ቆጥ ላይ የነበረ፣ ገለባ የለበሰ። ምን ሆኖ ነው ገለባ የለበሰው? የየትኛው ዓመት ዱባ ነው?»

ሃፕካ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ከአልጋው ሥር ያለው ከረጢት ትዝ አለኝ፤ ለኡስቲና አንድም ነገር አላዘጋጀሁላትም።

«የእኔ ዱባ ነው።»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው። ኦሜልኮ ቆሟል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«አናጢው። ከአጨዳው በፊት ሽማግሌ ልኬባት ነበር። ዱባ ሰጠችኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅቷ ‹የኛ› ብትል እውነቷን ነው፤ ከነሱ ቆጥ ነው የወረደው። አሁን ግን የእኔ ነው።»

አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። «ከአጨዳ በፊት? ከአጨዳ በፊት የበሰለ ዱባ ከየት አመጣች?»

አለቀልን አልኩ። ኦሜልኮ ወለሉን አየ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቀላ።

«የአምናውን ነው የሰጠችኝ» አለ። «ለዚያ ነው ገለባ የለበሰው። አዲሱ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀችኝም።»

አዳራሹ ፈነዳ። እማማ የተባሉት ሁሉ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። እሱ ግን ቀጠለ፤ ያ በቀን ሦስት ቃል የሚናገር ሰው ዝም የሚል አልሆነም። ያም አልበቃ ብሏት ጣውላ ላይ ሣለችው አለ። ጣውላውን የላግኩት እኔ ነኝ፣ ለገዛ ማፈሪያዬ ጠርዙን አለሰለስኩ አለ። አባባ ሲዲርም የሳቀው በእኔ ነው፣ ‹ማፈሪያህ ሞስኮ ድረስ ሊሄድ ነው› ማለቱ ነው አለ። ሰዎች እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፤ እኔ የማውቀው ኦሜልኮ ሰው ሲያየው እንኳ የሚያፍር ሰው ነው።

«እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው የሚባለው» አለ ሰውዬው፤ አሁን እሱም ጥርሱ ታየ። ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እምቢ ብለሽዋል?»

«ብያለሁ።»

«አሁንስ? እዚሁ ሕዝብ ፊት ይኸው ቆሟል። ታገቢዋለሽ?»

ኦሜልኮን አየሁት። በጣቶቹ ስንጥቅ ውስጥ ሰጋቱራ ነበር።

«አላገባውም።»

እንደገና ሳቅ። ሰውዬው ተነስቶ ካፖርቱን ቆለፈ። ዱባው ይጥፋ፣ በቦታው ትራክተር ይግባ፣ ሥዕሉም ሞስኮ አይሄድም፣ አውራጃው አዳራሽ ይሰቀላል አለ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመና ለሁሉም እንዲሰማ እንዲህ አለኝ፦ «የሁለታችሁን ሠርግ የሰማሁ ዕለት ግን እኔው ራሴ ሚዜ ሆኜ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ስለ ዱባው እንደ አዲስ እንጫወታለን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦሜልኮ ብቻ አልሳቀም።

ኦክቶበር 10

ዱባውን አጠፋሁ። ብርቱካንማው አልሸፈን ብሎ ደጋግሜ ቀባሁት። ትራክተር ሠራሁ። ያው አሳማ ነው። ቲሚሽ «ግሩም!» አለ፣ የምር።

ኦሜልኮን ልጆች መንገድ ላይ «የአምናው ዱባ» እያሉ ይጠሩታል። አመሰግናለሁ ማለት እፈልጋለሁ። የት? እንዴት? ከእሱ ጋር ቆሜ ባወራ የሚያይ አለ። ሃፕካ ሰሞኑን ሥራዋን ሁሉ ወደ ደጅ አውጥታለች።

ኦክቶበር 12

አባባ ሲዲር ተመለሰ! አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። እሱም እዚያ ሆኖ «በአናጢው ነው የሳቅኩት» ሲል ከርሟል፤ ሁለቱ ቃል መግጠማቸው ነው ያስፈታው። ጠይቄው ስወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ፓላዥካ፣ ልጄ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ያቺ ውሸት እንዳትሰበር። ከተሰበረች ሁለተኛ አልመለስም።» ያ ድምፅ የት ሄደ?

ይህን ሁሉ ለምን እጽፋለሁ? ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ኦሜልኮን አገባለሁ ብዬም አላውቅም። ምን የሚጎድልብኝ ነገር አለ? ምንም። ልጄ አለች፣ ቤቴ አለ፣ አልተወሰድኩም።

የበሩ ማጠፊያ አይጮህም። ስለዚህ ማንም ሊጠግነው አይመጣም።

ኦክቶበር 15፣ የፖክሮቫ ማግስት

ትናንት ፖክሮቫ ነበር። ከዚህ በዓል በኋላ ሽማግሌ የሚላክበት፣ የሚታጭበት ጊዜ ነው። ዛሬ ከሰዓት ቀይ ሥር እየነቀልኩ ቀና ስል ኦሜልኮ አጥሩ ማዶ ቆሟል። ብቻውን። ሽማግሌ የለም። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል።

ሃፕካ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች።

«ከአጨዳው በፊት ሽማግሌ አልላክሁም፤ ታውቂያለሽ» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ እኔ ብቻ እንድሰማ። «ልልክ ያሰብኩት አሁን ነበር። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፣ እሱ ግን እውነት ነው። አንድ ጊዜ በእውነት ሳልጠይቅሽ እንዳልቀር ብዬ ነው የመጣሁት። እንሂድ፣ ከዚህ አገር እንሂድ፣ ወደ ማዕድኑ አገር። አናጢ የትም ይፈለጋል።»

የኅብረት እርሻ ሰው ያለ ወረቀት የት ይሄዳል? ወረቀቱን የሚሰጠው ቲሚሽ ነው። ቲሚሽ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ባለ ቆዳ ካፖርቱ ይሰማል። እኔ፣ እሱ፣ አባባ ሲዲር። ኡስቲና። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈብኝ።

«ሂድ፣ ኦሜልኮ» አልኩ በሹክሹክታ።

«መልሺልኝና እሄዳለሁ።»

የባቄላው ድምፅ ቆመ። ሃፕካ እጇ ሳህኑ ላይ እንዳለ አንገቷን አስግጋለች።

«ስንት ጊዜ ልንገርህ!» ብዬ ጮህኩ። ውሾች እስኪጮኹ ድረስ ጮህኩ። «አልፈልግህም አልኩ፣ አልፈልግህም! ሁለት ዱባ አንሶህ ነው? ሰው እንዴት አያፍርም!»

ሃፕካ ሳቀች። «አይ ፓላዥካ፣ እሳት!» አለች።

እሱ ባርኔጣውን አጠለቀ። ዓይኔን እንዲያይ ፈልጌ ነበር። ዓይኔን ቢያይ ይበቃው ነበር። ግን ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ሄደ። መንገዱ ረጅም ነው፤ መታጠፊያው ድረስ ዞር አላለም።

የጮህኩት ለሃፕካ ነው። ያውቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። በዚያ ላይ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነው ያናገርኩት፣ ስሙን ጠርቼ ነው፣ ሰምቶኛል።

ቤት ስገባ ኡስቲና ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። «እማ፣ ጋሼ ኦሜልኮ ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

እሷ ቤት ውስጥ፣ እኔ አጠገብ ሆና አልገባትም። እሱ አጥር ማዶ ሆኖ እንዴት ይገባዋል?